ከጥምቀት እስከ ቅበላ በኒው ኦርሊንስ

ስለ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የሰማ ሰው ሁሉ ስለ ማርዲ ግራ ሰምቷል፤ ስለ ማርዲ ግራ የሰማም ሁሉ በርበን ስትሪት በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ከሰገነት ዶቃ ሲወረወር፣ ከታች ያለውም ሕዝብ በመጠጥ ናላው ዞሮ ሲጮህ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ሳያይ አልቀረም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ «ያ ሰካራም ከተማችሁ እንዴት ከረመ?» ብለው ሲጠይቁኝ አልቀየማቸውም። ነገር ግን በዚህች ከተማ ጎጆ ወጥቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ጎረቤት አፍርቶ የኖረ ሰው የሚያውቀው ካርኒቫል የአንድ ሌሊት ዳንኪራ አይደለም፤ መግቢያውና መውጫው በቤተ ክርስቲያን ቀመር የተቈረጠ፣ የራሱ ነገሥታትና ሹማምንት፣ የራሱ መብልና መጠጥ፣ የራሱም ሕግጋት ያሉት አንድ ሙሉ ዘመን ነው እንጂ።

ይህ ዘመን የሚገባው በእነርሱ አቈጣጠር ጃንዋሪ 6 ቀን፣ የጌታን መገለጥና የሰብአ ሰገልን መምጣት በሚያከብሩበት ዕለት ነው። ያች ምሽት ለእኛ የልደት ዋዜማ ስለ ሆነች፣ እኛ ገሃድ ጾመን የገናን ሌሊት ስንጠባበቅ፣ በሴንት ቻርልስ ጎዳና የሚመላለሰው አሮጌው የኤሌክትሪክ ባቡር ጭምብል ባጠለቁ ሰዎች ተሞልቶ፣ ሙዚቃውን እያሰማ በፊታችን ያልፋል። የሚወጣው ደግሞ ከፋሲካቸው 47 ቀን አስቀድሞ በሚውለው ማክሰኞ፣ ማለት የጾማቸው ዋዜማ በሆነው በማርዲ ግራ ዕለት፣ ነው፤ ፋሲካ ተዘዋዋሪ በዓል እንደ መሆኑ ማክሰኞውም ከፌብሩዋሪ 3 እስከ ማርች 9 ባለው ጊዜ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንዱ ዓመት ለመደገስ ፋታ ሲሰጥ ሌላው ዓመት ገና የልደቱ ዛፍ ሳይነቀል ያጣድፋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ጾሙን ከተወ ዘመን የተቈጠረለት ሆኖ ሳለ፣ ከንቲባውም ሆነ ባለ ሆቴሉ፣ ገበያው ቢደራለትም ባይደራለትም፣ የጥንት አበው የቀመሩትን ቀን አንዲት ሌሊት እንኳ ገፋ ማድረግ አይቻለውም።

ከጃንዋሪ 6 ምሽት ጀምሮ በየዳቦ ቤቱ «ኪንግ ኬክ» ይደረደራል። ይህ እንደ አክሊል ክብ ሆኖ የተጋገረ፣ ቅቤና እንቍላል የገባበት፣ በቀረፋ የታሸ ለስላሳ ኅብስት ሲሆን፣ በላዩ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ስኳር ይነሰነስበታል፤ ከውስጡም ከአውራ ጣት ጫፍ የማትበልጥ የላስቲክ ሕፃን ትደበቃለች። ኬኩ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ሲቈረስ ሕፃኗ የደረሰችው ሰው የሚቀጥለውን ኬክ የማምጣት ግዴታ አለበት፤ ይህም ነገር በጽዋ ማኅበር ላደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ጽዋውን የተረከበው የመጪው ወር ድግስ የእርሱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሕፃኗን ያገኘም የመጪው ሳምንት ባለ ዕዳ ነውና። ልዩነቱ፣ እኛ ጽዋውን በምርቃትና በእልልታ ስንረከብ፣ የዚህ አገር ሰው አንዳንድ ጊዜ ሕፃኗን ከጥርሱ መካከል አውጥቶ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ ካደረገ በኋላ፣ በሶፍት ጠቅልሎ ወደ ኪሱ መክተቱ ነው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላጋለጥሁትም። የቆየው ነዋሪ ከጃንዋሪ 6 በፊት ኪንግ ኬክ መቅመስን እንደ ነውር ይቈጥረዋል፤ ዛሬ ግን ገና ልደት ሳይደርስ አውጥተው የሚሸጡ ሱቆች ተነሥተዋል፤ እኔም ወቅቱን ያልጠበቀ ድግስ ጣዕሙ ግማሹ የጎደለ ነው ከሚሉት ሽማግሎች ጋር እስማማለሁ።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። ፈረንሳዊው ኢበርቪል በ1699 (እ.ኤ.አ.) በሚሲሲፒ ወንዝ አፍ በኩል ገብቶ በሰፈረበት ጊዜ ዕለቱ ማርዲ ግራ ነበርና ሥፍራውን በበዓሉ ስም ሰየመው፤ ከተማይቱ የተቈረቈረችው ከዚያ በኋላ በ1718 ስለ ሆነ፣ በዓሉ ከከተማይቱ ይቀድማል ማለት ነው። (የአላባማዋ የሞቢል ሰዎች «ካርኒቫልን በ1703 የጀመርነው እኛ ነን» ብለው ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ።) ዛሬ የምናየው የሠረገላ ሰልፍ ግን የተጀመረው በ1857፣ ኮመስ የተባለው ምስጢራዊ ማኅበር በችቦ ብርሃን በሌሊት በወጣ ጊዜ ነው፤ በ1872 ሬክስ የተባለው ማኅበር ተነሥቶ የካርኒቫልን ንጉሥ አነገሠ፤ ሦስቱንም ቀለማት ሰጠ፤ ከ20 ዓመት በኋላም ሐምራዊው ፍትሕን፣ አረንጓዴው እምነትን፣ ወርቃማው ሥልጣንን ያመለክታል ተብሎ ተተረጐመ።

ፍትሕ የተባለው ቀለም ለሁሉ እኩል እንዳልደረሰ ግን መሸሸግ አይገባም። በሠረገላው ላይ ተቀምጠው ዶቃ የሚበትኑት ባለጸጎች ነጮች ሲሆኑ፣ እሳቱ በራሳቸው ላይ እየተንጠባጠበ ችቦውን ተሸክመው በእግራቸው የሚያዘግሙት ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ በ1909 ዙሉ የተባለው የጥቁሮች ማኅበር የራሱን ንጉሥ ሲያወጣ፣ ንጉሡ የአሳማ ስብ የነበረበትን ጣሳ እንደ ዘውድ ደፍቶ፣ የሙዝ ዘንግ እንደ በትረ መንግሥት ጨብጦ ወጣ፤ የሬክስን ግርማ በፌዝ ያራቈተ ከዚህ የበለጠ ቅኔ ምን ይኖራል! ዙሉ የበቀለው አባል ሲታመም ከሚያስታምሙ፣ ሲሞት በክብር ከሚቀብሩ የመረዳጃ ማኅበራት መካከል ስለ ነበረ ሥሩ ጠለቀ፤ በ1949 የዓለም ዝና የነበረው ጥሩምባ ነፊ ሉዊ አርምስትሮንግ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ የዙሉ ንጉሥ ሆነ። ዙሉ በእጅ የተሣለ ኮኮናት ያድላል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገውም ሽልማት ይህ ነው፤ ነገር ግን ኮኮናት ራስ ይፈነክታልና ክሱ ሲበዛ፣ የክልሉ ምክር ቤት በ1988 ሕግ አውጥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተሰጠ ኮኮናት ለሚያደርሰው ጉዳት ማኅበሩ እንዳይጠየቅ አደረገ። በ1991 መጨረሻ ላይ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት አባል የነበሩት ወይዘሮ ዶሮቲ ሜይ ቴይለር ባቀረቡት ደንብ፣ በቀለምና በዘር አባልን የሚመርጥ ማኅበር በከተማው ጎዳና እንዳይሰለፍ ተወሰነ፤ ኮመስ ሰልፉን ተወው፤ ሬክስ በሩን ከፈተ። የኮመስ መቅረት ያሳዘነው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከእነዚያ ወገን አይደለሁም።

ይህም ሁሉ ሲሆን በአንድ ነገር ከተማይቱን አመሰግናታለሁ፤ በሠረገላ ላይ የንግድ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው፤ የሚበተነውን ዶቃና ጽዋ የሚገዙት በሠረገላው ላይ የሚቆሙት አባላት ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ነው። የቢራ ፋብሪካና የስልክ ኩባንያ ስሙን ያልጻፈበት የአደባባይ በዓል በዛሬው ዓለም ከየት ይገኛል? (ዶቃው ግን በዛ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የጎርፍ መሄጃ ቱቦዎች ሲጠረጉ ከ40 ቶን በላይ መውጣቱ ተነግሯል።)

ቱሪስቱ ሳያየው የሚሄደው ካርኒቫል በሴንት ቻርልስ መካከል፣ የባቡሩ ሐዲድ በሚያልፍበት ሣር ላይ ነው። ቤተሰቡ በማለዳ መጥቶ ቦታ ይይዛል፤ አባት በመሰላል ጫፍ ላይ እንደ ሣጥን ያለ መቀመጫ በምስማር መትቶ ልጁን ያስቀምጥበታል፤ መሰላሉም ከመንገዱ ጠርዝ 2 ሜትር ያህል መራቅ አለበት ተብሎ በደንብ ተጽፏል። በአንዱ በኩል የተጠበሰ ዶሮ በካርቶን ይከፈታል፤ በሌላው በኩል ጋምቦ በትልቅ ድስት ይንተከተካል። ጋምቦ ዱቄት በዘይት ወይም በቅቤ የቡና ቀለም እስኪይዝ ድረስ ሳያቋርጡ ከተማሰለ በኋላ፣ ሽንኵርት፣ ሴለሪና ቃሪያ ተጨምሮ፣ ባሚያና ሽሪምፕ ወይም ቋሊማ ገብቶበት በሩዝ የሚበላ ወፍራም ሾርባ ነው፤ ሽንኵርቱን፣ ሴለሪውንና ቃሪያውን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸውና፣ «ቅድስት ሥላሴ» ብለው ይጠሯቸዋል።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ነው። ይህ ልማድ ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ከነበረበት ዘመን የወረደ ነው፤ እናት ልብስ ስታጥብ ቦሎቄው ከእሑድ በተረፈው የአሳማ አጥንት ቀስ እያለ ይበስልላት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የእኛና የእነርሱ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ስለ ዋለ፣ ሁዳዴያችን የካቲት 17 ገብቶ ማርዲ ግራቸው የደረሰው እኛ ሳምንቱን ከፈጸምን በኋላ ነበር፤ እኔም በዋዜማው ሰኞ በደጃቸው ሳልፍ፣ ጎረቤቴ የሆኑት ባልቴት ጠርተው አንድ ትንሽ ድስት ከፍተው አሳዩኝ፤ ቦሎቄው በነጭ ሽንኵርትና በቤይ ቅጠል ብቻ የተቀቀለ፣ በማንኪያ ጀርባ ተደፍጥጦ ራሱን በራሱ ያወፈረ ነበር። «ልጄ፣ ሥጋ አልነካውም፤ ማማሰያውም ሌላ ነው» አሉኝ። ስለ ማማሰያው ያልኋቸው ነገር አልነበረም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት።

ወደ መጠጡ ስመጣ፣ ኹሪኬን የተባለውን ቀይ፣ በስኳር የሰከረ ሮም ለእንግዳ መተው ይሻላል። የአገሩ ሰው የሚያከብረው ኮክቴል ሳዜራክ ነው፤ ብርጭቆው በአብሲንት፣ ማለት ከአሪቲና ከእንስላል በሚወጣው አረንጓዴ አረቄ፣ ወይም በምትኩ ኸርብሴንት በሚባለው፣ ውስጡ ብቻ ተለቅልቆ ይደፋል፤ ከዚያም ራይ ከተባለው እህል የወጣ ውስኪ ከስኳርና ፔሾ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ካወረሰው መራራ ቅመም ጋር በበረዶ ተማስሎ ይገለበጥበታል፤ በመጨረሻ የሎሚ ልጣጭ ከላዩ ይጨመቃል፤ የሉዊዚያና ምክር ቤትም በ2008 (እ.ኤ.አ.) የከተማይቱ ኮክቴል ይሁን ብሎ በሕግ አጽድቆታል። በ1888 ሄንሪ ራሞስ የፈጠረው ጂን ፊዝ ደግሞ ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ክሬም፣ የእንቍላል ነጩና የብርቱካን አበባ ውኃ ገብቶበት እስኪያረፋ ድረስ ብዙ ደቂቃ መናጥ ይፈልጋል፤ በ1915 ካርኒቫል ጊዜ 35 ወጣቶች በረድፍ ቆመው፣ አንዱ ክንዱ ሲዝል ለሌላው እያቀበለ ይንጡት ነበር ይባላል። ለእኔ ግን በቀዝቃዛ ማለዳ ሰልፍ ሲጠበቅ ከሚልክ ፐንች የሚተካከል የለም፤ ብራንዲ፣ ወተት፣ ስኳርና ቫኒላ ሆኖ፣ ገውዝ ይፈገፈግበታል፤ አሳዛኙ ነገር በሁዳዴ ላይ ሲወድቅ ወተቱም አብሮ መቅረቱ ነው። መጠጡን በፕላስቲክ ጽዋ ይዞ በጎዳና መሄድ ሕጋዊ ሲሆን በብርጭቆ ግን ክልክል ነው፤ ነውሩ መጠጣት ሳይሆን ስባሪ መጣል ነውና።

ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ሲሆን ፈረሰኛ ፖሊሶች በርበን ስትሪትን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ሕዝቡን እየነዱ ያስወጣሉ፤ በስተኋላቸውም የጠራጊው መኪና ይከተላል። በማግሥቱ ረቡዕ የትናንቱ ጨፋሪ ግንባሩ ላይ የዐመድ መስቀል ታትሞበት በባንክ ሰልፍ ይታያል። ጾማቸው ግን ለእኛ ሰው ጾም አይመስልም፤ በዚያች ረቡዕና ዐርብ ዐርብ ከሥጋ ይከለከላሉ፤ ዓሣውና ሽሪምፑ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ክሮውፊሽ የተባለውም የወንዝ ፍጥረት የሚደልበው በዚያው ወራት ስለ ሆነ፣ ዐርባቸው ከፍስኩ ቀን የሚበልጥ ድግስ ይሆናል። ይባስ ብሎም በ2010 (እ.ኤ.አ.) አንድ ምእመን ለጠየቀው ጥያቄ ሊቀ ጳጳስ ግሪጎሪ ኤይመንድ በደብዳቤ ሲመልሱ፣ አሊጌተር የተባለው የዚህ አገር አዞ ከዓሣ ወገን ይቈጠራልና በጾም ይበላ ብለዋል። ያች ቦሎቄ ያለ ሥጋ የቀቀሉልኝ ባልቴት በመጀመሪያው ዐርብ የተጠበሰ አዞ በሳህን ይዘው ብቅ ብለው፣ «ይህስ በጳጳስ የተፈቀደ ነው፤ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ፣ «እሜቴ፣ የእኛ ሰዎች ገና በዓሣው ላይ ተከራክረው አልጨረሱም፤ የአዞው ነገር ይቆየን» አልኋቸው።