«ፈሪ!» ከማለታችን በፊት

  በዚህ ወር የማጫውታችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ገጠመኝ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በጨዋታ ነው፤ የሚያበቃው ግን በጨዋታ አይደለም። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴ በመሆኑም ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

የምኖረው በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። የዕለት እንጀራዬ ታክሲ መንዳት ነው። ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። በቅዳሜና እሑድ የቁርኣን ትምህርት ቤት ያፈራቸው አራት ጓደኞችም አሉት። ሦስቱ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አራተኛው የደሴ ልጅ ሲሆን፣ ወደ አክስቱ ዘንድ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

አምስቱም አንድ ምኞት ነበራቸው። ይኸውም ከእኛ ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሪችመንድ ከተማ በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን ወደሚባለው የመዝናኛ ሥፍራ አብረው መሄድ ነው። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተ ሲሆን፣ ወጣቱን ሁሉ የሚስበው በሮለር ኮስተሮቹ ነው። ሮለር ኮስተር ማለት ሰው ተሳፍሮበት በሐዲድ ላይ ሽቅብ ተጎትቶ ከወጣ በኋላ ቁልቁል የሚወረወር የመጫወቻ ባቡር ነው። ዐረቦች በተለምዶ «ቂጣሩል መውት» ይሉታል፤ የሞት ባቡር ማለት ነው።

«ኢንሻአላህ እወስዳችኋለሁ» ብዬ ቃል የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2022 የረመዷን ወር ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ታክሲዬ ተበላሸና ለመንገድ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ለጥገና ሄደ። መስከረም ላይ ሌላ ቀጠሮ ያዝን፤ ያን ቀን ደግሞ ዝናቡ አላስወጣ አለን። ልጆቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አንዱ የጎረቤት ሣር እያጨደ፣ አንዱ ሕፃናት እየጠበቀ ለመግቢያ የሚሆን አጠራቀሙ። የደሴው ልጅ አክስቱ የምትጋግረውን እንጀራ ወደ ሱቆች እያደረሰ የምትሰጠውን ሳንቲም በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥል ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የጓጓው እሱ ነበር ማለት ይቻላል። የትኛው ባቡር ስንት ሜትር ከፍታ እንዳለው፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበር በደብተሩ ጽፎ በቃሉ ይወጣው ነበር።

በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2023 አንድ ቅዳሜ ሱብሒን ሰግደን ተነሣን። ባለቤቴ ዶሮ በሩዝና ሳምቡሳ አሲዛናለች። መንገዱን ሁሉ ጨዋታው ስለዚሁ ባቡር ነው። የደሴው ልጅ ዕውቀቱን ያካፍለናል፦ «የመጀመሪያው የአሜሪካ ሮለር ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ ላማርከስ ቶምሰን የሚባል ሰው የሠራው ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዋጋውም አምስት ሳንቲም!» ልጆቹ «በእግር ብንሮጥ አንቀድመውም?» እያሉ ሳቁ። እሱም ቀጠለና፣ የጨዋታው መነሻ ሩሲያውያን በክረምት በበረዶ ይሠሩት የነበረው መንሸራተቻ ስለሆነ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ «የሩሲያ ተራሮች» ሲሉት፣ ሩሲያውያን ደግሞ መልሰው «የአሜሪካ ኮረብቶች» እንደሚሉት ነገረን። እኔም «ይህ ልጅ ትልቅ ሰው ይወጣዋል» አልኩ በልቤ።

እንደ ገባን በቀላሉ ጀመርን። ሥፍራው ሲከፈት ጀምሮ ያለ፣ ከእንጨት የተሠራና ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት አንድ ሮለር ኮስተር አለ። ልጆቹ ተንጋግተው ወጡ፤ የደሴው ልጅ ግን «ዕቃችሁን እጠብቃለሁ» ብሎ ቀረ። በሁለተኛው ላይ «ውሃ ጠማኝ» አለ። በሦስተኛው ላይ «ለትልቁ ጉልበቴን ላስቀምጥ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ሦስት ጊዜ ምክንያት ያበጀን ልጅ አንድ ጊዜ ገለል አድርጌ «ምን ሆነሃል?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

ምሳችንን ወደ መኪናችን ተመልሰን በላን። ዙህርንም ከዛፍ ጥላ ሥር ሰግደን ወደ ትልቁ ሄድን። ስሙ በኋላ ተለውጧል፤ ያን ጊዜ ግን «ኢንቲሚዴተር 305» ይባል ነበር፤ «አስፈራሪው» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ ሲሆን፣ ቁመቱ 305 ጫማ ወይም 93 ሜትር ነው። ከዚያ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሊወርድ ምንም ያህል በማይቀረው ቁልቁለት ሲወረወር ፍጥነቱ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሞተር የሚጎትተው ሽቅብ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያስሮጠው የራሱ ክብደት ነው። ከቁልቁለቱ ቀጥሎ ባለው ጥምዝ ላይ ደም ከራስ ወደ እግር ስለሚሸሽ የብዙ ሰው ዓይን ለአፍታ ይጨልም ነበር። በዚህም ምክንያት ለ2011 ከመከፈቱ በፊት ጥምዙ ተሻሽሎ እንደገና ተሠርቷል።

በመግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ የአንገትና የጀርባ ሕመምተኛ፣ በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው እንዳይሳፈር ያስጠነቅቃል። እኔ አላነበብኩትም። የደሴው ልጅ ግን ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ ጊዜ ሲያየው አስተውያለሁ፤ «እንግሊዝኛ እያጠና ነው» ብዬ አለፍኩት።

ሰልፉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እየቀረብን ስንሄድ ልጁ ላብ አሰመጠው፣ ከንፈሩም ደረቀ። «እኔ እዚህ ብጠብቃችሁስ?» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ጊዜ ልጄ «ፈሪ! ዓመት ሙሉ ያወራኸው ለዚህ ነው?» አለው። ሌሎቹም ተከተሉ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከአፌ አንዲት ቃል ጠብቆ ነበር። እኔም «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ያበረታሁት መስሎኝ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ስድስት ስለነበርን ሁለት ሁለት ሆነን ተቀመጥን። እኔ ከልጄ ጋር ከኋላ ነኝ፤ ከፊታችን የደሴው ልጅና ከሁሉም ዝምተኛ የሆነው ጓደኛቸው አሉ። ማገጃው ወርዶ ተቆለፈ። ዝምተኛው ልጅ የጎረቤቱን እጅ ደረቱ ላይ ተጭና አየና በጆሮው አንድ ነገር ጠየቀው። ያኛው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ወዲያው ዝምተኛው ልጅ እጁን አውጥቶ ሠራተኛዋን ጠራና ሁሉም እየሰማ «እኔ ፈርቻለሁ፤ ከጓደኛዬ ጋር መውረድ እንፈልጋለን» አለ። ሠራተኛዋም አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ ከፈተችላቸው። ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። ባቡሩ ተነሣ።

ስለ ራሱ ጉዞ ብዙ የምለው የለኝም። ወደ ላይ ስንወጣ ዱአ አደረግሁ፤ ስንወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሲቆም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ልቤ የገዛ ጆሮዬ እስኪሰማው ድረስ ትመታ ነበር። ሁለቱን ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ እየተካፈሉ አገኘናቸው። በመመለሻው መንገድ ሁሉ «ሁለቱ ፈሪዎች» እየተባሉ ተቀለደባቸው። እኔም ዝም አልኩ።

የደሴውን ልጅ መጨረሻ ላይ ቤቱ አደረስኩት። አክስቱ በር ላይ ተቀብላን አመስግና ስታበቃ፣ «ወንድሜ፣ ትናንት መርፌውን ስለተወጋ ይደክመዋል ብዬ ስሰጋ ነው የዋልኩት» አለችኝ። «የምን መርፌ?» አልኳት። ደነገጠች። «የልቡን ነዋ! ነግሬያቸዋለሁ፣ ጋሼ ያውቃሉ ብሎኝ እኮ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ጉሮሮውን ታመመ። ቤተሰቡ «ቶንሲል ነው» ብሎ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት አከመው። ሕመሙ ለቀቀው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጉልበቱና ክርኑ አበጠ፣ ትኩሳትም ያዘው። ሐኪሞች ሩማቲክ ፊቨር የሚሉት በሽታ ነበር። ይህ በሽታ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በመድኃኒት ሳይታከም ሲቀር የሚከተል ነው። ይበልጥ የሚያጠቃውም ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የመገጣጠሚያው እብጠት ያልፋል፤ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ጎድቶ ግን ሊሄድ ይችላል። እንዳያገረሽ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይሰጣል። በአገራችን በዚህ የተነሣ የልብ ሕመምተኛ የሆኑ ልጆችና ወጣቶች ብዙ ናቸው። ይህም ልጅ የልቡ በር የተጎዳ በመሆኑ ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ባቡር ከልክሎት ነበር።

በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ክልከላው ያለ ምክንያት አልነበረም። በጀርመን አገር የማንሃይም ሐኪሞች በ55 ጤነኛ ሰዎች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከጉዞው በፊት በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል ይመታ የነበረው ልብ በሮለር ኮስተር ላይ ከ150 በላይ ደርሷል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል። በሩ የተጎዳ ልብ ግን ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት! እኔ «ወንድ አይደለህ እንዴ» ብዬ የላክሁት ወደዚያ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ልጄንና ጓደኞቹን ይዤ ሄድኩና፣ ከልጆቹ ፊት «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፤ ዐፉ በለኝ» አልኩት። አቀርቅሮ ቆየና «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። እዚህ አገር ስመጣ አዲሱ ልጅ ተባልኩ። ደግሞ በሽተኛው ልጅ መባልን ፈራሁ» አለኝ። ልጄ አቅፎት አለቀሰ። ዝምተኛውን ልጅ «አንተስ ሳትፈራ ለምን ፈራሁ አልክ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው፤ ፈርቼ ነበር» አለኝ። ለማን እንደ ፈራ አልነገረኝም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ገጠመኝ የተማርኩትን በሦስት ነጥብ ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ለወላጆች። የሰው ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ፣ መዝናኛም ይሁን ዋና ወይም ተራራ መውጣት፣ «ሕመም አለበት? መድኃኒት ይወስዳል? የተከለከለው ነገር አለ?» ብላችሁ ራሱን ልጁን ሳይሆን አሳዳጊውን ጠይቁ። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውንም አንብቡ። ሴት ልጆች ካሉም የሻርፓቸው ጫፍ እንዳይንጠለጠል በደንብ ሸጉጠው ይሰሩት፤ ከጎማና ከሐዲድ ጋር የሚጠላለፍ ነገር አደጋ ነውና። ልጅ ጉሮሮውን ሲታመምም «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» አትበሉ፤ አስመርምሩት።

ሁለተኛ፣ ለወጣቶች። ጓደኛችሁ «ይቅርብኝ» ሲል «ፈሪ» አትበሉት። «ይቅርብኝ» ያለበትን ምክንያት እሱ ያውቀዋል፤ እናንተ አታውቁትም። እኛ ዘጠና ሦስት ሜትር ላይ የወጣነው ማገጃ ታጥቀን ነው። በሰው ፊት «እኔ ፈርቻለሁ» ብሎ የጓደኛውን ሸክም የተሸከመው ልጅ ግን ያለ ምንም ማገጃ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሕመሙን ለደበቀ። ሕመም ነውር አይደለም። ቢያንስ ለአንድ ጓደኛ ንገር፤ በክፉ ቀን ስለ አንተ እጁን የሚያነሣ እሱ ነውና።

በተከታዩ ዓመት አምስቱ እንደገና ሄዱ። የደሴው ልጅ ሐኪሙ የፈቀደለትን ቀላል ቀላሉን ተጫወተ። ትልቁ ጋ ሲደርሱ ሰዓት ይዞ ከታች ቆመ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ሲወጡም ቀሪዎቹ አብረውት ቆሙ። ብቻውን የቀረበት ጊዜ አልነበረም።