ለማ እንጂ ልለምማ አይደለሁም

«ልጄ፣ እኔ ለማ ነኝ እንጂ ልለምማ አይደለሁም። ይህ የሚንተባተበው ማን ነው?»

ይህን ያሉኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ቦታው መካነ ኢየሱስ፣ ዕለቱ ገበያ የቆመበት፣ ሰዓቱም የባንካችን ሰልፍ ከበር አልፎ ወደ መንገዱ የወጣበት ነበር። (እውነተኛ ስማቸውን ትቼ ለማ ብያቸዋለሁ፤ ለማስረዳትም ይህ ስም ይመቸኛል።) በልጅነታቸው ከየኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸውና መነጽራቸውን አውጥተው፣ አትሜ የሰጠኋቸውን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ወረቀቱ በእርግጥም «ልለምማ» ይላል። እኔ ግን የጻፍሁት ለማ ብዬ ነው፤ በጣቴ መትቼ፣ በዓይኔ አይቼ።

«ይቅርታ አባቴ፤ ማሽኑ ነው» አልኋቸው።

ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና፣ «ምን ታደርገዋለህ፤ ፊደላችን ለኮምፒውተር አይመችም። በላቲን ጻፈውና ይለፉ» አለኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። በላቲን ጽፌ አሳለፍኋቸው። አዛውንቱ ሁለተኛውን ወረቀት ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጉት፤ ይህኛውን ማንበብ አልቻሉም። ምንም ሳይናገሩ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ባልደረባዬን እወደዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ተሳስቷል። እኔም «ማሽኑ ነው» ስል ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የፊደሉም የማሽኑም አልነበረም። የኮምፒውተር ሊቅ ሆኜ አይደለም ይህን የምለው፤ ዲግሪዬ የሒሳብ አያያዝ ነው፣ ማታ ማታም ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ነገር ግን ያ የታጠፈ ወረቀት እንቅልፍ ስለ ነሣኝ፣ በጣቴና በፊደሉ መካከል ምን እንደሚካሄድ ለማወቅ ብዙ ምሽት አነበብሁ።

ቁልፍ ስንመታ ፊደል የጻፍን ይመስለናል። አልጻፍንም። የቁልፍ ሰሌዳው ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። በውስጡ ያለችው ትንሽ ቺፕ የምታውቀው፣ በዚህ ረድፍ በዚህ ቦታ ያለው ቁልፍ ወረደ ወይም ተነሣ የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህንኑም በቁጥር ታሳልፋለች። ቁጥሩን የሚቀበለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። እኔ በልቤ አጋፋሪ እለዋለሁ። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ ዘሎ ከጌታው ፊት አይቀርብም ነበር፤ አጋፋሪው በር ላይ ተቀብሎ፣ መምጣቱን ተናግሮ፣ ተራ አስጠብቆ ያስገባዋል። ዊንዶውስም ሊኑክስም አንድሮይድም በጣታችንና በፕሮግራሞቻችን መካከል የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

የሊኑክስ አጋፋሪ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ስለ እያንዳንዱ ወሬ የደረሰበትን ጊዜ፣ የወሬውን ዓይነት፣ የቁልፉን ቁጥርና አንድ ዋጋ ይናገራል። ዋጋው 1 ከሆነ ቁልፉ ተጭኗል፤ 0 ከሆነ ተለቋል፤ 2 ከሆነ ጣት ሳይነሣ ቆይቷል ማለት ነው። ቀጥሎ «እስከዚህ ያለው አንድ ነገር ነው» የሚል መዝጊያ ይልካል፤ እኛ በአራት ነጥብ እንደምንዘጋው መሆኑ ነው። (ለካ ማሽንም ሥርዓተ ነጥብ አለው ብዬ ተደንቄያለሁ።) በዚህ አቆጣጠር ለማ የሚለው ስም 38፣ 18፣ 50፣ 30 ነው። አራት ቁልፎች፣ ሲጫኑና ሲለቀቁ ስምንት ወሬ። ከስምንቱ አንዱም የሰው ስም አይመስልም።

የዊንዶውስ አጋፋሪ ደግሞ ወሬውን ተራ አስይዞ ፊት ለፊት ለተከፈተው መስኮት ያደርሳል፦ ቁልፉ ተጫነ፤ የወጣው ፊደል ይህ ነው፤ ቁልፉ ተለቀቀ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ሊሰማ ይችላል፤ ሁለተኛውንም ሊሰማ ይችላል። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው አንዱ ቁልፍ አንድ ፊደል ስለ ሆነ የትኛውን ቢሰማ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። እኛ ዘንድ ግን ይታያል።

የእኛ ገበታ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ናቸው፤ እነ ቋና ጓ ሳይቆጠሩ። በሰሌዳው ላይ ያሉት የፊደል ቁልፎች ግን ኀምሳ አይሞሉም። ስለዚህ አንዱን ፊደል በሁለት ቁልፍ መጻፍ ግድ ሆነ፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው። እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የግእዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች ለመወከል ያዘጋጁት ሥርዓት ሴራ ይባላል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ክፉ ቢመስልም ሥራው ቅን ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጽፍባቸው ዘዴዎች የዚያን ልማድ ይከተላሉ።

እንግዲህ በአጋፋሪውና በፕሮግራሙ መካከል ሌላ ባለሟል ገባ ማለት ነው፤ የመጻፊያ ዘዴው። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስመታ «ል»ን ያሳየኛል። ይህ ገና ረቂቅ ነው። ሁለተኛውን ስመታ «ል»ን ሽሮ በቦታዋ «ለ»ን ያቆማል። (በገበታው ግእዙ ቀዳሚ፣ ሳድሱ ስድስተኛ ነው፤ በሰሌዳው ግን ሳድሱ በኩር ሆነ። የኔታ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) ረቂቁ እስኪጸድቅ ድረስ ባለሟሉ ፕሮግራሙን «ታገሥ» ማለት አለበት። ዊንዶውስ ለዚህ የተለየ ቁጥር አለው፤ 229። የኢንተርኔት ማሰሻዎችም ይህንኑ ቁጥር ይናገራሉ። ትርጉሙ «ቁልፍ ተመትቷል፤ ነገር ግን ጉዳዩ በመጻፊያ ዘዴው እጅ ነው፤ አንተ አትተርጉመው» እንደ ማለት ነው። አንዳንዱ ዘዴ ደግሞ በአሮጌ ፕሮግራሞች ላይ ሲጽፍ፣ ማንም ጣት ሳይነካው የማጥፊያውን ቁልፍ መምታት ራሱ ፈጥሮ ይልካል፤ ረቂቁ ይጠፋል፣ የጸደቀው ይገባል።

የእኛዋ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ታዲያ ይህን አልሰማችም። የሠራት ሰው ቁልፍ በተመታ ቁጥር ከሳጥኑ ውስጥ የታየውን ፊደል እየለቀመች እንድትደረድር አዘዛት፤ መሻርን ግን አላስተማራት። «ል» ታየ፣ ለቀመች። «ለ» ታየ፣ ለቀመች። «ም»፣ «ማ»። ልለምማ። አዛውንቱ «የሚንተባተበው ማን ነው» ማለታቸው ከእኔ «ማሽኑ ነው» ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ያን ሌሊት የጫርኋትን ቁራጭ እነሆ፦

ጣቴ ደጅ ሲመታ — አጋፋሪው ሰምቶ፣
ስሜንም ሳይጠይቅ — ቁጥሬን ብቻ አንሥቶ፤
ገና «ል» ብዬ ነው — ለማ ልል አስቤ፣
በሩን አትዝጋብኝ — ይግባልኝ ሐሳቤ።

«በስልክ ግን ደህና ይጻፋል» የሚለኝ አይጠፋም። በስልክ ላይ ጭራሹን ቁልፍ የለም። አጋፋሪው የሚናገረው ጣት ያረፈበትን ቦታ ነው፤ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል። ሰሌዳ መስሎ የሚታየን ራሱ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ያለቀለትን ጽሑፍ ለጽሑፍ ሳጥኑ በቀጥታ ያስረክባል እንጂ ቁልፍ ተመታ የሚል ወሬ የመላክ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በስልክ ላይ ቁልፍ ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ደጁ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ለምን ቢሉ፣ ሊሰማ የሚገባው ጽሑፉን ነበርና።

ፊደላችን ለማሽን አይመችም የሚለው ክስ ከኮምፒውተር ይበልጣል በዕድሜ። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሲያሰናዱ ያው ችግር ገጥሟቸዋል። በዚያ ጊዜ በጣትና በወረቀት መካከል አጋፋሪ አልነበረም፤ ብረቱ ራሱ ፊደሉ ነው። ለ231 ፊደል 231 ብረት ማሰለፍ ስለማይቻል፣ የአማርኛው መኪና የፊደሉን አካል ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ እየመታ ያጋጥማል። በዚያ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ያየ ሰው የፊደላቱን ስብራት ያስታውሳል። ፊደሉ ለመኪናው ሲል አጥንቱን ሰጠ። ከብረት ወደ ቁጥር ስንሻገር ግን ያ መሥዋዕትነት አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ መጻፊያና ኒያላ የተባለ ቅርጸ ፊደል ይዞ መጣ። አጋፋሪዎቹ እኛን ማስተናገድ ከተማሩ ቆይተዋል። ያልተማሩት ጌቶቹ ናቸው፤ ፕሮግራሞቹ። እነርሱንም የምንጽፋቸው አሁን አሁን እኛው ነን።

የሁለቱን ሀና የሁለቱን ሰ ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በምጠቀምበት ዘዴ ንጉሡ «ሠ» የሚገኘው የእሳቱን «ሰ» ቁልፍ ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። አንድ ሰሞን በቢሮዬ ኮምፒውተር ስጽፍ ሠ ሁሉ ሰ እየሆነ አስቸገረኝ። «ፀሓይ ሠረቀ» ልል ፀሓይን ሌባ አደረግኋት። ለካስ የተንተራሰ ወፍራም መዝገብ በቀኝ በኩል ያለውን ሺፍት ቁልፍ ተጭኖት ኖሯል። ዊንዶውስ ያ ቁልፍ ስምንት ሴኮንድ ሲያዝ፣ አጭርና ተደጋጋሚ ምትን ችላ የሚል ፊልተር ኪስ የተባለ አገልግሎት እንዲከፈት ይጋብዛል፤ እኔም ሳላነበው እሺ ብዬው ነበር። አገልግሎቱ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የታሰበ መልካም ነገር ነው። ለእርሱ ሁለተኛው ምት የጣት ስሕተት ነው፤ ለእኔ ግን በወጣችና በሰረቀች መካከል ያለ ልዩነት። ሰምና ወርቅ ለሚያጣራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ይህ አገር ደግሞ ምልክትን የሚያውቅ አገር ነው። የድጓው ቤተልሔም በጋይንት ምድር ነው። ከድጓው መስመር በላይ የሚሰፍሩት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድምፁን ራሱን አይደሉም፤ ለሚያውቅ ሰው ድምፁን ይናገራሉ እንጂ። ቁልፍም እንዲሁ ነው፤ ምልክት ነው፣ ትርጉሙ ያለው በተቀባዩ ዘንድ ነው። በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ለእነዚህ የዜማ ምልክቶችም አሥር ቁጥሮች ሰጥቷቸዋል። እኔ በምጠቀምባቸው ሰሌዳዎች ላይ ግን የሚያወጣቸው ቁልፍ አላገኘሁም። ቁጥር አላቸው፣ በር የላቸውም።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀና፣ «ሰልፉንስ ማን ያስተናግድልህ?» አለኝ። እውነት አለው። በላቲን መጻፍ ይፈጥናል፤ ብዙ የተያያዙ መዝገቦችም በላቲን የተደራጁ ናቸው፤ አንድን ሰው በኃይሉ፣ በኀይሉና በሀይሉ ሦስት ሰው የማድረግ አደጋም አለ። ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥያቄዬ ትንሽ ናት። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ተቀምጣችሁ ስማችን የሚገባበትን ሳጥን የምትሠሩ ልጆች፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የእናታችሁን ስም በአማርኛ ጻፉበት። በዝግታ ጻፉ፣ በፍጥነት ጻፉ፣ አጥፍታችሁ ድገሙት። ቁልፉን ሳይሆን የጸደቀውን ጽሑፍ ጠብቁ። 229 ሲመጣ ታገሡ። ይህ ከግማሽ ቀን ሥራ አይበልጥም፤ ፊደል መቀነስ አለበት ብሎ ከመከራከርማ እጅግ ያነሰ ነው።

አዛውንቱ ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ፕሮግራሟ አልታረመችም ነበር። እኔ ግን ስማቸውን በተራ የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ጽፌ አትሜ፣ ከሌላው ወረቀት ጋር አያይዤ ሰጠኋቸው። ሕጋዊ ዋጋ የለውም፤ አውቃለሁ። መነጽራቸውን አውጥተው ጣታቸውን ከሥሩ አስኬዱ። «ለ... ማ» አሉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር።

«የአባቴንስ ስም?»

«ማን ልበል አባቴ?»

«ሣህሉ። በንጉሡ ሠ ነው፤ አደራ።»

ቁልፉን ሁለት ጊዜ መታሁት።