ካርታው ፎቁን አያውቅም

ባለፈው የዝናብ ወራት፣ ከመርካዝ ክሊታ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ አንድ አባት ቢሮዬ መጡና ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በዕብራይስጥ የተጻፈው አጭር ነው፤ ቤቱ ታይቷል፣ እርጥበት አልተገኘም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። «ልጄ፣ ይህ ሰው የማንን ቤት ነው ያየው? እኛ ዘንድ የመጣ የለም። የልጅ ልጄ የሚተኛበት ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሮ ሳለ እንዴት እርጥበት የለም ይሉኛል?» አሉኝ።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ስደውል፣ «በካርታው ላይ ነጥቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ተቆጣጣሪው በቦታው ነበር» የሚል መልስ ተሰጠኝ። በማግስቱ ሄጄ ፎቶግራፉን እንዲከፍቱልኝ ለመንሁ። የተነሣው በር ቡናማ ነው፤ የእኚህ አባት በር ነጭ ነው። ተቆጣጣሪው ሕንፃውን አልሳተም። ያንኳኳው ግን ከእነርሱ በታች ያለውን ቤት ነበር፤ የጎረቤትን ደረቅ ግድግዳ መዝግቦ ሄዷል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ቤት የሚያዩ ብዙዎቹ ተቆጣጣሪዎች ወረቀትና እርሳስ ሳይሆን ታብሌት ወይም ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። በውስጡ የከተማው ካርታ አለ፤ መታየት ያለበት ቦታ ሁሉ በነጥብ ተመልክቷል። ነጥቡን ሲነኩት ቅጽ ይከፈታል፤ ይሞላሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ ቦታውና ሰዓቱ በራሱ ይመዘገባል። ሥራው ሲያልቅ የነጥቡ ቀለም ይለወጣል። ቢሮ የተቀመጠው አለቃ የሚያየው ያንኑ ቀለም ነው።

ታዲያ መሣሪያው ቦታውን የሚያውቀው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚያገኘው ምልክት ነው። ስልክ በሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ በሕንፃዎች መካከል ደግሞ ይብሳል። ከአንዱ ፎቅ እስከ ሌላው ግን 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በተራ ካርታ ላይ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ቤቶች ሁሉ አንድ ነጥብ ናቸው። በ2024 በጦርነቱ ምክንያት ምልክቱ ሆን ተብሎ ሲታወክ፣ ቴል አቪቭ ውስጥ ያሉ ስልኮች ባለቤቶቻቸውን ቤይሩት እንዳሉ ያሳዩ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል።

እውነቱን ለመናገር መሣሪያውን አልጠላውም። በወረቀት ዘመን ቢሆን ኖሮ የእኚህን አባት ቃል ማን ይሰማ ነበር? ያዳነን ያው ታብሌቱ ያነሣው ፎቶግራፍ ነው። የምቃወመው፣ ነጥቡ አረንጓዴ ከሆነ ሥራው ተሠርቷል የሚለውን እምነት ነው። ተቆጣጣሪ ቤቱን ሳይለቅ የጻፈውን ለባለቤቱ ማሳየት፣ ፎቁንና የቤቱን ቁጥር አብሮ ማረጋገጥ ግዴታው ሊሆን ይገባል። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኛም ዝምታውን እንተው። በእኛ ባህል እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል እንጂ «የያዝከውን አሳየኝ» አይባልም። ይህ እንግዳ ግን ስለ ቤታችሁ እየጻፈ ነው፤ ባለቤት ካልጮኸ ደግሞ ጎረቤት አይረዳም። «ማ ካታቭታ? ታርኤ ሊ በቫካሻ» በሉት፤ ምን ጻፍህ፣ እባክህ አሳየኝ ማለት ነው። ኮማ የሚለው ፎቁ፣ ዲራ የሚለው የቤታችሁ ቁጥር ነው፤ ሁለቱንም ተመልከቱ። የአቤቱታውን ቁጥር፣ ሚስፓር ፕኒያ የሚሉትን፣ ሳትቀበሉ አትሸኙት። የተበላሸውን ግድግዳ በራሳችሁ ስልክ አንሡ። ዕብራይስጥ የምታውቅ ልጃችሁ ከጎናችሁ ብትቆም መልካም ነው፤ ፈራሚዎቹ ግን እናንተ ናችሁና ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ እኔም እዚያው ነበርሁ። የመጣው ሌላ ወጣት ነበር፤ ታብሌቱን ያለ ቅሬታ ሰጣቸው። እኚህ አባት መነጽራቸውን አድርገው የቤታቸውን ቁጥር ፈለጉ፣ አገኙትም። ሻጋታው ተመዘገበ፤ የጥገና ቀጠሮም ተሰጣቸው። ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተለሰነም፤ ሕፃኑም ከአያቶቹ ጋር ሳሎን ይተኛል።