መልስ የሌለው ስልክ እና የአስተናጋጇ ጉርሻ

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሀያ ሁለት አካባቢ ምሳ ልንበላ ገባን። ሜኑው እንደ ቀበሌ መዝገብ ወፍራም ነው። መጀመሪያ ያዘዝነው «ዛሬ የለም» ተባለ፣ ሁለተኛው «አልቋል»፣ ሦስተኛው «እሱ ትንሽ ይቆያል»። በመጨረሻ አለ የተባለውን ለመብላት ተስማማን። እሱም ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። የፆም ያዘዘችው ጓደኛችን ፊት ጥብስ መጥቶ ተቀመጠ፣ ተመለሰ። ውኃ ሁለት ጊዜ ጠይቀን በሦስተኛው መጣ።

ሒሳቡ 3,036 ብር ሆነ። አንዱ ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ቁርጧን ከፈለ። አስተናጋጇ መልእክቱ መግባቱን አረጋገጠች፣ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ግን ወዲያው አልሄደችም። ሦስት ሰከንድ ያህል ቆመች። ሁላችንም ገብቶናል፣ ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀረቀርን። እሷ ዞር ስትል ክርክሩ ተጀመረ።

«ለዚህ አገልግሎት ነው ደግሞ ጉርሻ?» አለ ከፋዩ። «ኧረ ተው፣ እሷ ምን አደረገች? ያበሰለችው እሷ አይደለች» አለች የፆሟ። ሦስተኛው ደረሰኙን አንስቶ «ተከፍሏል እኮ! ሰርቪስ ቻርጅ 240 ብር ይላል» አለና ክርክሩን የዘጋ መሰለው።

እኔ ግን ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተከፈተልኝ። ደረሰኙን እስቲ አብረን እናንብበው። የበላነው የ2,400 ብር ነው። በላዩ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 240 ብር ተጨመረ፣ 2,640 ሆነ። ከዚያ በጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 396 ብር። ልብ በሉ፣ ለአገልግሎቱ በከፈልነው 240 ብር ላይም ቫት ከፍለናል። አስተናጋጇን ጠርቼ ቀስ ብዬ «ከዚህች 240 ብር ላንቺ ስንት ይደርስሻል?» አልኳት። መጀመሪያ ወደ ካሸሯ አየች። «እኔ እንጃ፣ ወር ሲያልቅ የሆነ ነገር ይሰጡናል» አለችኝ። ስንት? «ይለያያል።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይሉ የለ? የአባባሉ ጉርሻ ሌላ ነው፤ ግን የሬስቶራንቱም ቢሆን ሰሞኑን ጠረጴዛ ሙሉ ሰው እያጣላ ነው። ደንበኛ «አገልግሎቱ ዜሮ ነው» ይላል፣ አስተናጋጅ «ሰው ጨክኗል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን እርስ በርስ እየተያዩ ሦስተኛውን ሰው፣ ገንዘቡ ኪሱ የሚገባውን፣ ረስተውታል።

መጀመሪያ የስልኩን ነገር። እኛ አገር ጉርሻ በመቶኛ ተሰልቶ አያውቅም። የሚኖረው መልስ ውስጥ ነበር። ሒሳቡ 85 ብር ከሆነ መቶ ብር ትሰጣለህ፣ መልሱ በትንሿ ሳህን ይመጣል፣ አሥሯን ትተህ ትነሳለህ። ወይም «መልሱን ያዢው» ትልና አለቀ። ማንም ሒሳብ አልሠራም፣ ማንም አልተሳቀቀም። ጉርሻ ከደግነት እኩል የዝርዝር ገንዘብ መሰልቸት ውጤት ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ይህን ማንም አላሰበውም። ስልክ መልስ የለውም። 3,036 ከተባልክ 3,036 ነው የምትልከው፣ ሳንቲሟ ሳትቀር። ጉርሻ መስጠት ከፈለግክ ለብቻው መወሰን፣ ለብቻው መጻፍ አለብህ። ደግ ሆነህ 3,100 ብትልክ እንኳ 64ቱ ብር የሚገባው ድርጅቱ አካውንት ውስጥ ነው፤ አስተናጋጇ ከካሸሩ ልመና ልትገባ ነው። አንዳንድ ቤት ይሰጣሉ፣ አንዳንድ ቤት «ሲስተሙ አይፈቅድም» ይባላል።

«ታዲያ በራሷ ቁጥር ለምን አልክላትም?» የሚል አይጠፋም። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናደርጋለን። ግን ከሴት አስተናጋጅ ወገን ሆናችሁ አስቡት። ሃያ ብር ለማግኘት ስልክ ቁጥሯን ለማታውቀው ወንድ መስጠት አለባት፤ ሙሉ ስሟም አብሮ ይወጣለታል። ማታ አምስት ሰዓት ላይ «ተኛሽ?» የሚል መልእክት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ታውቀዋለች። አንዷ የማውቃት ልጅ ለዚህ ብቻ ሁለተኛ ሲም ካርድ አውጥታለች። ጉርሻዋን የምትቀበልበት፣ ከሥራ ስትወጣ የምታጠፋው። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔን ግን ብዙም አላሳቀኝም።

ከስልኩ ሌላ የኑሮው ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሜኑ ላይ ያሉ ዋጋዎች ስንት ጊዜ ስቲከር እንደተለጠፈባቸው የሚበላ ሰው ያውቃል። ጉርሻችን ግን እዚያው አሥርና ሃያ ብር ላይ ቀርቷል። በደንበኛው አልፈርድም፣ የእሱም ደመወዝ በስቲከር አይታደስም። ማኪያቶ ለመጠጣት የሚያስብ ሰው ጉርሻ ላይ ቢቆጥብ አይገርምም። ግን ውጤቱን የምትሸከመው አስተናጋጇ ናት። ሥጋ ቤት የሚሠሩት ደግሞ የባሰ ወቅት አላቸው፤ ሁዳዴ ሲገባ ጠረጴዛው ይጸዳል፣ ጉርሻውም አብሮ ሁለት ወር ይጾማል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው። የአስተናጋጇን ደመወዝ መክፈል ያለበት ማነው? በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ ወለል ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። የግሉን በተመለከተ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑም ጉዳዩን ሲያነሳ ዓመታት ተቆጠሩ። እስካሁን ግን አስተናጋጅ የሚቀጠረው በስምምነት ነው፤ ስምምነቱም ብዙ ጊዜ «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ቲፕ አለው» በምትል ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሏት። ባለቤቱ በእኔና በእናንተ ኪስ ቃል እየገባ ነው።

ያው አዋጅ አንቀጽ 53 ላይ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም ይላል። የሕግ ቋንቋ ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። በወር ከደመወዟ የበለጠ የአገልግሎት ክፍያ የምታገኝ ሠራተኛ እንኳ ጡረታዋም ሆነ ስትወጣ የሚከፈላት ካሳ የሚሰላው በትንሿ ደመወዝ ነው። የተሰበሰበው እንዴት ይከፋፈል የሚለውን ደግሞ አዋጁ በዝርዝር አያስቀምጥም። ጠንካራ ማኅበር ያላቸው ትልልቅ ሆቴሎች በኅብረት ስምምነት ይወስኑታል፤ ከጽዳት እስከ እንግዳ ተቀባይ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ማኅበር የሌለበት መካከለኛ ሬስቶራንት ውስጥ ግን ስሌቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የእኛዋ «ይለያያል» የመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከአስተናጋጆች ጋር አምስት ደቂቃ አውሩ፣ ሳይከፍል የወጣ ደንበኛ ታሪክ ትሰማላችሁ። አራት ሰው በልቶ፣ አንዱ «ስልክ ላውራ» ብሎ ወጥቶ፣ ሌላው ተከትሎ... ሒሳቡ ከማን ይቆረጣል? ከእሷ። የተሰበረ ብርጭቆም እንደዚያው። አዋጁ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ግን ተያዥ አምጥታ የተቀጠረች የሃያ ዓመት ልጅ ለአንድ ምሳ ሒሳብ አዋጅ ጠቅሳ ትከራከራለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

አሁን ወደ መጥፎው አገልግሎት ልመለስ፣ ምክንያቱም እሱም የውሸት ቅሬታ አይደለም። ከምግብ ቤት ተናድዶ ያልወጣ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ዓይኗን ከስልኳ የማታነሳ አለች፣ «ምን ልታዘዝ» ሳይሆን «እሺ» ብሎ ከላይ የሚያይ አለ፣ መልሱን «ዝርዝር የለም» እያለ የሚያስቀር አለ። መልስ በልመና የሚያመጣ ሰው ከእኔ ጉርሻ አያገኝም፣ በዚህ አልደራደርም። ጉርሻ ሲሰጥ እንጂ ሲወሰድ ሌላ ስም አለው።

ግን ብዙውን ጊዜ ያናደደን ነገር አስተናጋጇ ጋር አይደለም ያለው። የሌለ ምግብ ሜኑ ላይ የጻፈችው እሷ አይደለችም። ኩሽና ውስጥ አንድ ምድጃ ብቻ መኖሩ፣ ለአሥር ጠረጴዛ አንድ ሰው መመደቡ፣ ትናንት የተቀጠረች ልጅ ያለ አንድ ቀን ሥልጠና ዛሬ ትሪ ይዛ መቆሟ፣ እነዚህ ሁሉ የባለቤቱ ውሳኔዎች ናቸው። ጉርሻ ስትከለክሉ ባለቤቱ አንድ ብር አልጎደለበትም፤ መናደዳችሁንም አልሰማም። ጉርሻ ያጣችው ልጅ በሁለተኛው ወር ሌላ ቤት ትገባለች፣ በቦታዋ ሌላ ያልሠለጠነች ትመጣለች፣ እናንተም በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሃምሳ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ጓደኛዬ «ቲፕ አገልግሎት ያሻሽላል» ይላል። ጠረጴዛችን ላይ የሆነውን ካየሁ በኋላ እንዴት እንደሚያሻሽል አልታየኝም። ቅሬታ ካለ ማኔጀሩን መጥራት ነው፤ እኛ ደግሞ ማኔጀር መጥራት እናፍራለን፣ ቪዲዮ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን አናፍርም። የልጅቷ ፊት ለመቶ ሺህ ሰው ይታያል፣ የባለቤቱ ፊት የለም። ሰኞ ከሥራ የምትሰናበተው ማን እንደሆነች መገመት አይከብድም።

ደግሞ እኛስ? በጭብጨባ የምንጠራ፣ «ስሚ አንቺ» የምንል፣ ሃያ ብር ለመስጠት እጇን ይዘን የማንለቅ የለንም? ጉርሻ ደመወዝን ሲተካ አንዱ አደጋ ይሄ ነው። ደመወዟ እኛ እጅ ላይ ስላለ ለቀልዳችን ሁሉ መሳቅ አለባት።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ በሰዓት ከአሠሪው የሚከፈለው ቢያንስ 2.13 ዶላር ነው፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም፤ የቀረውን ደንበኛው ያሟላል። የዲሲ መራጮች በ2022 ይህ ልዩነት ቀስ በቀስ እንዲቀር ድምፅ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምግብ ቤቶች ሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ጨመሩ፣ ደንበኛውም «ይሄ ጉርሻ ነው ወይስ ምንድን ነው?» ማለት ጀመረ። በ2025 የከተማዋ ምክር ቤት ዕቅዱን አለዘበው። እንግሊዝ ደግሞ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካርድ የተሰጠውም ሆነ በሒሳብ ላይ የተጨመረው የአገልግሎት ክፍያ ያለ ቅናሽ ለሠራተኞች እንዲደርስ በሕግ አስገድዳለች፤ አሠሪውም እንዴት እንደሚያከፋፍል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

ለእኛ የሚቀርበው የእንግሊዙ ይመስለኛል። ሒሳቤ ላይ 240 ብር «አገልግሎት» ብሎ የጻፈ ቤት፣ ያ ብር ለማን እንደሚደርስ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ምን ይጎዳዋል? ለሠራተኛው ከሆነ እኔም ሳላፍር ተጨማሪ ሳልሰጥ እነሳለሁ። ለድርጅቱ ከሆነ ደግሞ ሜኑው ዋጋ ላይ ይደምረውና ስሙን ይቀይር። ቴሌብርም ሆኑ ባንኮቹ የሰው ስልክ ቁጥር ሳያሳዩ ጉርሻን ለብቻው የሚያሳልፍ አንዲት መስመር ቢጨምሩ ቴክኖሎጂው የሚከብዳቸው አይመስለኝም። እስከዚያው እኔ የማደርገው ትንሽ ነው፤ ሒሳብ ከመክፈሌ በፊት «ሰርቪስ ቻርጁ ይደርሳችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥም ጥቂት ዝርዝር ብር ይዤ እወጣለሁ።

የዚያን ዕለት ግን አልያዝኩም ነበር። አራት ሰው ኪሳችንን ፈትሸን አንዲት 50 ብር ብቻ ተገኘች፣ የፓርኪንጉ ልጅም ውጪ ቆሞ እየጠበቀን ነው። የፆሟ ጓደኛችን ብሯን አጥፋ ለአስተናጋጇ ሰጠቻት። ልጅቷ አመስግና ዞረች፣ ከዚያ ተመልሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውኃው ዘገየባችሁ አይደል? ዛሬ አሥራ አንድ ጠረጴዛ ብቻዬን ነው የያዝኩት» አለችን። ከፋዩ ጓደኛችን ምንም አልመለሰም። ስንወጣ ለፓርኪንጉ ልጅ ቁጥሩን ጠይቆ በቴሌብር ላከለት።