ገናን ዓለም ቢጫወተው

የባህል ስፖርቶች ውድድር በተከፈተ ቁጥር ከመድረክ የማይቀር አንድ ንግግር አለ፤ ባህላዊ ስፖርቶቻችንን ለዓለም እናስተዋውቃለን የሚለው። ተናጋሪው ይለዋወጣል። አንዱ ከፌዴሬሽኑ፣ ሌላው ከሚኒስቴሩ፣ ሌላው ከአዘጋጁ ክልል ቢሮ ይመጣል። ንግግሩ ግን ያው ነው። ጭብጨባው ሲበርድ ደግሞ ከታዳሚው አንዱ የቀረውን ይሞላዋል፤ ገና ኦሎምፒክ ቢገባ ማን ይችለን ነበር? ጉግስ ቢገባማ ወርቁን ሌላ አገር መች ያየው ነበር? ባለሥልጣኑ ይህን በአፉ ባይናገረውም የንግግሩ ተስፋ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ግምት ላይ ነው።

በጎ ምኞት ነው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ምኞት ሆኖ ቢቀር ማንንም አይጎዳም። የሚነገረው ግን እቅድ መነገር በሚገባው ቦታ ነው። አንድ ፌዴሬሽን ለጨዋታው ምን እንዳሰበ ሲጠየቅ "ለዓለም ማስተዋወቅ" ብሎ ከመለሰ፣ ስለ ሜዳ፣ ስለ ክለብ፣ ስለ አሠልጣኝና ስለ ዓመታዊ መርሐ ግብር ከመመለስ ያመልጣል።

እስቲ ቃሉን በቁሙ እንየው። አስተዋዋቂ ማለት ሌላው የማያውቀውን ነገር የያዘ ሰው ነው። ለመሆኑ ዓለም የማያውቀው የትኛውን ነው? ገበጣ በልዩ ልዩ ስምና የጉድጓድ ቁጥር ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አፍሪካ፣ አልፎም በእስያ ይጫወቱታል። የኬንያና የታንዛኒያ የባህር ዳርቻ ሰዎች ባኦ ይሉታል፤ ተጫዋቾቹም በጥበባቸው የታወቁ ናቸው። ትግልና ቀስት በኦሎምፒክ ካሉ ቆይተዋል፤ እኛ ግን በሁለቱም አንድ ሜዳሊያ አላገኘንም። በፈረስ እየጋለቡ ዘንግ መወራወሩን ቱርኮች ጂሪት ይሉታል፤ ከጉግስ ጋር ወንድማማች ነው። ጫፉ በታጠፈ ዱላ ሩር እየለጉ መሮጡንም አየርላንዶች ሀርሊንግ፣ ስኮትላንዶች ሺንቲ ብለው ሲጫወቱት ዘመናት አልፈዋል። የኛው ገና የራሱ ደንብና ለዛ አለው፤ ያን አልክድም። ነገር ግን ዓለም በዱላና በሩር መጫወትን ከእኛ እስኪማር አልጠበቀም።

የአየርላንዱን ነገር ትንሽ ላቆየው፤ ከሁሉም ለኛ የሚቀርበው እሱ ነውና። ሀርሊንግ ዛሬም ቢሆን የዓለም ስፖርት አይደለም። አየርላንዶች እ.ኤ.አ. በ1884 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማኅበር መሠረቱለት። ማኅበሩ በየደብሩና በየመንደሩ ክለብ አቋቋመ፣ ክለቦቹን በየአውራጃው አሰባሰበ፣ ዓመታዊ ሻምፒዮና አበጀላቸው። የዋና ከተማቸው ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ከ82 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ በፍጻሜው ቀን ይሞላል፤ የሚጫወቱት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው አስተማሪዎች፣ ገበሬዎችና ተማሪዎች ናቸው። ዩኔስኮ ጨዋታውን የመዘገበው በ2018 ነው፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ። ወደ ኒውዮርክና ወደ ለንደን የተሰደዱትም ዱላቸውን ይዘው ሄደው እዚያ ክለብ ተከሉ። ማንም አላስተዋወቀላቸውም፤ ተጫዋቹ ራሱ የሄደበት ወሰደው።

እኛስ? ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ክረምት ላይ በታላቅ የስፖርት በዓል ይሰባሰባሉ። ከየከተማው ቡድን ይመጣል፣ ስታዲየም ይከራያሉ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይገናኛል። የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። አልወቅሳቸውም። ሰው ባዕድ አገር ይዞት የሚሄደው ባገሩ በየሳምንቱ ይጫወተው የነበረውን ነው።

የምኖርበትን አቃቂን ልውሰድ። የክፍለ ከተማው ስም በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተጠርቷል፤ ለእግር ኳስ። ከትምህርት ቤት የሚወጣው ልጅ ባገኘው ክፍት ቦታ ላይ ድንጋይ ጎል አድርጎ ኳስ ይመታል። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ነጭ የለበሱ ሰዎች ዱላ ይዘው ሲራወጡ ያሳያል፤ ልጁም አይቶ ወደ ኳሱ ይመለሳል። የገና ዱላ ይዞ የሚገባበት ክለብ የለም፣ የሚያሠለጥነው የለም፣ በጥርም ሆነ በመጋቢት የሚጠብቀው ግጥሚያ የለም። የባህል ስፖርቶች ውድድር በዓመት አንዴ በአንድ ከተማ ይሰናዳል፤ ከክልሎች የመጡት ቀናት ተጋጥመው ይበተናሉ። ይህን ነው እንግዲህ ለዓለም የምናስተዋውቀው።

የሁለተኛው ግምት ነገርስ? ጨዋታው የኛ ከሆነ አሸናፊውም እኛ ነን የሚለው። የዓለም ታሪክ ለዚህ ግምት ምንም አያግዝም። በሕንዶች ባህላዊ ጨዋታ በካባዲ ሕንድ ከ1990 ጀምሮ ሰባት ተከታታይ የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደች፤ ማንም አይደርስባትም ተብሎ ነበር። በ2018 ጃካርታ ላይ ወንዶቿን በግማሽ ፍጻሜ፣ ሴቶቿን በፍጻሜ ኢራን አሸነፈቻቸው። ሕንድ ወርቁን ቀጥሎ ባሉት ጨዋታዎች መልሳለች፤ ያኔ ግን የግሏ የነበረው ነገር የጋራ መሆኑ ታውቋል። ጁዶ ኦሎምፒክ የገባው በ1964 በጃፓን በራሷ ዋና ከተማ ነው። ክብደት የማይለይበትን ውድድር በቶክዮ ሕዝብ ፊት ያሸነፈው አንቶን ጌሲንክ የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። ጃፓን ዛሬም በጁዶ ቀዳሚ ናት፤ በየትምህርት ቤቱ ማሠልጠኛ ስላላት ነው እንጂ ጁዶ እዚያ ስለተወለደ አይደለም። ጠረጴዛ ቴኒስ የእንግሊዞች ጨዋታ ነበር፤ ዛሬ ሻምፒዮኖቹ ቻይናውያን ናቸው።

በዚህ በኩል ለገና የሚቀርበው ምሳሌ የሕንድ የሜዳ ሆኪ ነው። ከ1928 እስከ 1956 ሕንድ ስድስት የኦሎምፒክ ወርቆችን በተከታታይ ወሰደች፤ ከዚያም ሁለት ጨመረች፤ የመጨረሻው የ1980ው ነው። የሆነውን ላስተዋለው ሰው ከመሸነፏ ይልቅ የተሸነፈችበት መንገድ ይበልጥ ያስተምራል። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የኦሎምፒክ ሆኪ ከተፈጥሮ ሣር ወደ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ተዛወረ። ሕንድ በዚያ ዓመት ሰባተኛ ወጣች። በየመንደሩ ሜዳ ላይ ያደገ የእጅ ጥበብ፣ ሮጦ የማይደክም ጉልበት በሚጠይቅ ለስላሳ ሜዳ ላይ ዋጋው ቀነሰ። ምንጣፉን ማንጠፍ የሚችሉት ሀብታሞቹ አገሮች ነበሩ። ዓለም የኔ ያልከውን ጨዋታ ሲወስድልህ ሜዳውንም ደንቡንም አብሮ ይወስዳል። ከ1980ው ወርቅ ወዲህ ሕንድ እንደገና ሜዳሊያ ላይ የደረሰችው ከ41 ዓመት በኋላ በቶክዮ ነው፤ ነሐስ።

ግን ለምን ሩቅ እንሄዳለን? ይህን ፈተና እኛው ራሳችን ተፈትነናል፤ በሩጫ። ብሔራዊ ስፖርታችን ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ገናን የሚጠራ ጥቂት ነው፤ ሩጫ የሚለው ብዙ ነው። ሩጫን ደግሞ ዓለም ሁሉ ይሮጣል።

ከ1993 እስከ 2011 አሥር የዓለም ሻምፒዮናዎች ተካሂደዋል። በወንዶች 10,000 ሜትር ዘጠኙን ያሸነፉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ አራት፣ ቀነኒሳ በቀለ አራት፣ ኢብራሂም ጄይላን አንድ። ከእነርሱ እጅ ያመለጠው የ2001 ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሩጫው ነገር አለቀለት፣ የኛ ነው ያልን ብዙ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ሰባት የዓለም ሻምፒዮናዎች አለፉ፤ በዚያው ርቀት የኛ አንድም የለም። ሦስቱን የእንግሊዙ ሞ ፋራህ፣ ሦስቱን የኡጋንዳው ጆሽዋ ቼፕቴጌ፣ የመጨረሻውን በ2025 ቶክዮ ላይ ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየ ወሰዱት። በመካከሉ ሰለሞን ባረጋ በቶክዮ ኦሎምፒክ ወርቅ አምጥቶልናል፤ ይህ አይረሳም። የ2025ቱ ሻምፒዮና ግን ሲያልቅ ከኢትዮጵያ ስም ፊት የተጻፈው ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ ነው፤ ወርቅ የለም። በ2022 ኦሪገን ላይ አራት ወርቅ የነበረን አገር ነን።

ክብረ ወሰኑንም እንየው። በ2020 ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ5,000ና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች በአንድ ዓመት ወሰዳቸው። የሴቶቹ በጉዳፍ ፀጋይና በለተሰንበት ግደይ እጅ ቆይተው ነበር፤ የ10,000ውን በ2024፣ የ5,000ውን በ2025 ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ወሰደቻቸው። በፓሪሱ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ትዕግስት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ የገባችው ሲፋን ሀሰን አዳማ የተወለደች፣ ለሆላንድ የምትሮጥ ናት።

እዚህ ላይ ሌላው የመድረክ ንግግር ይመጣል፤ ከፍታው፣ አየሩ፣ ደማችን የሚለው። ከፍታው ይረዳል። ከፍታ ብቻውን ቢያሸንፍ ኖሮ ግን ቦሊቪያ የሯጮች አገር በሆነች ነበር፤ ላፓዝ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ቦሊቪያ ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም የኦሎምፒክ ስፖርት አንድ ሜዳሊያ የላትም። ግሬሲየም ያደገው በፈረንሳይ የባህር ዳርቻ ነው። አበበ ቢቂላን ያወጣው የክብር ዘበኛና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ከፍታ ብቻ አልነበራትም፤ ልጆቹን በየጠዋቱ ሜዳ የሚያወጣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበራት። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ብሔራዊ ቡድኑን ለዓመታት ይዘውት ነበር። ሠራዊቱ፣ ፖሊሱ፣ ባንኩ ክለብ ነበራቸው፤ ሯጭ ደመወዝ እየበላ የሚሠለጥንበት። የበላይነታችን ምክንያት ይህ ነበር፤ ሰውና ሥርዓት።

ሜዳም ነበረ። ሯጮች ከእንጦጦና ከሰንዳፋ ወደ አቃቂ የሚወርዱት በከንቱ አይደለም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ 2,100 ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ስለሚሞላ እግር ይፈጥናል፤ መሬቱም ሜዳማ ነው፤ የአፈር መንገዱ ጉልበትን ከአስፋልት ያሳርፋል። ለፍጥነት ልምምድ የሚፈልጉት ይህንን ነው። ያ አፈር መንገድ በየዓመቱ እያጠረ ነው። በዙሪያው መጋዘን ይቆማል፣ ኮንዶሚኒየም ይነሳል፣ የጭነት መኪና አቧራውን ያስነሳል። ቤትም መጋዘንም ያስፈልጋል፤ ከተማ ነንና። ግን ለሩጫው ተብሎ የተከለለ፣ ማንም የማይነካው መሬት ይኖር ዘንድ ማን ጠየቀ? ዓለም ሁሉ በሚያውቀን በሩጫ ይህ ከሆነ፣ ለገና ሜዳ ማን ይከልልለታል?

አንድ ነገር ደግሞ ያስጨንቀኛል። የጥንቱ ገና ቁጥር አልነበረውም፤ መንደር ከመንደር ይወጣል፣ ያለው ሁሉ ይገባል። ጌታና አሽከር እኩል ይጋፋሉ፤ በዕለቱ በዱላ የተነካ ጌታ አይቆጣም። ይህ ሁሉ ዓለም አቀፍ ደንብ ሲወጣለት ምን ይሆናል? የተጫዋቹ ቁጥር ይወሰናል፣ የራስ ቁር ይደረጋል፣ ሜዳው ይለካል፣ ምናልባትም ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። የሕንዶች ዕጣ ይደርሰናል። አየርላንዶች ያቆዩት ደግሞ በየመንደራቸው ስለሚጫወቱት ነው፤ ዓለምን ለማሸነፍ አልተጣደፉም። ከሁለቱ የትኛውን እንደምንፈልግ ከመድረክ የሚናገሩት ሰዎች አስበውት እንደሆነ አላውቅም። እኔም ቢሆን ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ለአቃቂ ልጅ ደንብ፣ ሜዳና ክለብ ያለው ጨዋታ እመኛለሁ፤ እሱን ለማግኘት ግን የድሮው መልክ መጥፋት ካለበት ልቤ ያመነታል።

ገና ዓለም አቀፍ ቢሆን እናሸንፋለን ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት አዎ ብዬ እገምታለሁ፤ ሌላው ገና ስላልለመደው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው፣ ዛሬ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ሃያ ሲሞላው ያለ በዓል ቀን፣ በተራ ቅዳሜ፣ ዱላ ይዞ የሚሄድበት ቦታ ማግኘት አለማግኘቱ ነው። ይህን የሚመልስ እቅድ እስካሁን አላየሁም፤ በሩጫው ከደረሰብን በኋላ እንኳ የሚመጣ መሆኑን እጠራጠራለሁ።