ዝም ባለ አፍ ውኃ ይገባል

«ለእናንተማ ምን ያደርግላችኋል? እናንተ የአገር ልጆች ናችሁ!»

ይህን ያለኝ ጣና ላይ በጀልባው ያሳፈረን ሰው ነው። «ምን ያደርግላችኋል» ያለውም የሕይወት አድን ጃኬቱን ነው። ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ንግግሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስድብ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። ክፋቱ የተናገረው በፍቅር መሆኑ ነው።

ከባለቤቴና ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ሐሳባችን በጀልባ ዘጌ ተሻግረን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ የቡናውን ጫካ አይተን፣ ነፋስ ሳይነሳ መመለስ ነው። በዋዜማው ከባለ ጀልባው ጋር ተነጋገርን። ጀልባው ለብቻችን እንዲሆንና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንድንነሳ ተስማምተን ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው። እኛ አገር ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ሰው ደረሰኝ አይጠየቅም፤ ነውር ነው!

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ተገኘን። ጀልባው አለ። ነጂው አለ። ነዳጅ የለም። ነዳጁ ሲመጣ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ከነዳጁ ጋር ሰዎችም መጡ፤ ስለት ይዘው የመጡ እናት ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር፣ አዲስ ተጋቢዎች ከሦስት ሚዜዎቻቸው ጋር፣ ሁለት ፈረንጆች ከአስጎብኚያቸው ጋር። «ለብቻችሁ» በተባልነው ጀልባ ከነነጂውና ከነረዳቱ አሥራ አምስት ሆንን። የጀልባው ጎን ላይ የመጫን ልኩ በቀለም ተጽፏል፤ አሥራ ሁለት ሰው ይላል።

«ለብቻችሁ ብለኸን አልነበር?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ጋሼ ደግሞ! እኚህን እናት ጥለዋቸው ቢሄዱ ደስ ይልዎታል?»

ደስ አይለኝም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ደግ የሆንኩት እኔ፣ ሒሳቡን የተቀበለው እሱ!

ከመነሳታችን በፊት ከመቀመጫ ሥር ያለውን ሣጥን ከፍቶ ሁለት ብርቱካናማ ጃኬቶች አወጣና ለፈረንጆቹ በእጁ አለበሳቸው። ሣጥኑ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ ከነላስቲካቸው። ለልጄ አንድ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ነው እንግዲህ «እናንተ የአገር ልጆች ናችሁ» ያለኝ። «እንዳይቆሽሹም ብዬ ነው» አለና ሣጥኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ «መልካም ጉዞ!» ብሎ ከጀልባው ወረደ። ነገሩ አልገረመኝም። እኔም ቤት ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ የእንግዳ ብርጭቆ አለ።

ጣናን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ ያየኸው ውኃ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ውኃ ነው። ዘግይተን ሄደን ነበርና ዘግይተን ተመለስን። መሐል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ሞተሩ የቆመ ጀልባ ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል። ሙሽራዋ ጮኸች። እናትየዋ «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» እያሉ ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ። «ሣጥኑን ክፈተው!» አልኩት ረዳቱን። ቁልፉ ባለንብረቱ ኪስ፣ ባለንብረቱ ባሕር ዳር!

ይህን ጊዜ ፈረንጇ ጃኬቷን አወለቀች፤ ምንም ሳትናገር ለልጄ አጠለቀችላትና ማሰሪያውን አጠበቀችው። እኔ ምን አልኩ? «ምንም አይደለም፣ አትቸገሪ» ስል ራሴን ሰማሁት። አዎ፣ አባትየው! ልጄ ልትሰምጥ ትችላለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ ይሉኝታ እይዛለሁ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

ከአርባ ደቂቃ ያህል በኋላ ሌላ ጀልባ ደርሶ እየጎተተ አወጣን። ባለ ጀልባው ወደቡ ላይ ቆሞ እየሳቀ ተቀበለን፤ «እንኳን በደህና መጣችሁ!» ቀሪውን ሒሳብ ከፈልኩ። ጉርሻም ጨመርኩለት። «እግዜር ይስጥልን» አልኩት። እሱ ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳን «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ያለ የለም። ፈረንጆቹ ግን ሞባይላቸውን አውጥተው የጀልባውን ቁጥር ፎቶ አነሱ። እኛ «ሆደ ሰፊ አይደሉም» ብለን አማናቸው።

እኔ የምጽፈው ያንን ሰው ለመክሰስ አይደለም። ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱ ብሄድ ዶሮ አርዶ፣ አልጋውን ለቆ መሬት ላይ እንደሚተኛልኝ አልጠራጠርም። የምከሰው «እንግዳ ተቀባይነት» እያልን የምንመካበትን ነገር ነው፤ እኔን ጨምሮ።

እንግዳ ተቀባይነት ግሩም ባህል ነው፤ ግን አገልግሎት አይደለም። እንግዳ የሰጡትን ይበላል። ወጡ ጨው ቢበዛው «እጅሽ ይባረክ» ይላል። አስተናጋጁ ዘግይቶ ቢያቀርብ አይቆጣም፤ ጨርሶ ባያቀርብም አይከስም፤ መጀመሪያውኑ መብት የለውማ! የሚደረግለት ሁሉ ከባለቤቱ ቸርነት የመጣ ነው። ደንበኛ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ደንበኛ ከፍሏል። የሚሰጠው ነገር ቸርነት ሳይሆን ዕዳ ነው። ዕዳውን የጠየቀ ሰው ባለጌ አይባልም።

እኛ እነዚህን ሁለቱን ደባልቀናቸዋል። ሻጩ ገንዘቡን እንደ ነጋዴ ተቀብሎ አገልግሎቱን እንደ ጋባዥ ይሰጣል፤ ሲመቸው፣ ደስ ሲለው፣ ደስ ላለው ሰው። ገዢውም እንደ ደንበኛ ከፍሎ እንደ እንግዳ ይሽኮረመማል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። በዚያው ግድግዳ ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ አቧራ የጠጣ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የማይታወቅ። አፉ የተቆለፈ ንጉሥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የዚህ ድብልቅልቅ መጨረሻው ደግሞ እጅግ የሚያሳፍር ነው። ቸርነት ይመርጣልና፣ ጃኬቱ ለፈረንጅ ሆነ። እኛ የቤት ሰዎች ነን፤ የቤት ሰው በተሰነጠቀ ብርጭቆ ይጠጣል። ውኃው ግን ማን የአገር ልጅ፣ ማን የሰው አገር ሰው እንደሆነ አይጠይቅም።

«ድህነት ነው እኮ፣ ምን ያድርጉ?» የሚል ወዳጅ አይጠፋኝም። ድህነት ቢሆን ኖሮ እኔም ብዕሬን አላነሳም ነበር። ጃኬቶቹ እኮ ነበሩ! ተገዝተዋል፣ ተጓጉዘዋል፣ ከእግራችን ሥር ነበሩ። የጎደለው ገንዘብ አይደለም፤ «ይህ ልብስ የመንገደኛው ነው» የሚል ሐሳብ ነው። ሣጥኑን ለመክፈት አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። አሥራ ሁለት ብሎ ጽፎ አሥራ ሁለት ላይ ማቆምም እንዲሁ።

ሌላው ደግሞ «የፈረንጁ አገልግሎት ልዩ ነው፤ እነሱ ሠልጥነዋል» ይለኛል። ይህም ልክ አይደለም። በባሕር ማዶ የመርከብ ሽርሽር የሚባል ትልቅ ንግድ አለ። መዋኛው፣ ቲያትር ቤቱ፣ ምግቡ ሁሉ መርከቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የተባለችው መርከብ ከ4,200 በላይ ሰዎች ጭና ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተላትማ 32 ሰዎች ሞቱ። የዚያኑ ቀን የተሳፈሩ በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች አደጋ ቢደርስ ወዴት እንደሚሄዱ ገና አልተነገራቸውም ነበር፤ ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበቃል ይል ነበርና። ካፒቴኑም አደጋውን በማድረሱ፣ ለሰዎቹ ሞት ምክንያት በመሆኑና መንገደኞቹን ጥሎ በመውረዱ በፍርድ ቤት 16 ዓመት ተፈረደበት።

ዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ፣ በየካቲት 2013፣ «ካርኒቫል ትራይምፍ» የተባለች ሌላ መርከብ የሞተር ክፍሏ ተቃጥሎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ቆመች። ከ4,000 በላይ ሰዎች መጸዳጃ ቤቱ በማይሠራ መርከብ ላይ ለቀናት ኖሩ። አየህ፣ ወዳጄ፣ እነሱም ከእኛ የተለየ ሥጋና ደም የላቸውም። የእነሱም ሞተር ይጠፋል፤ የእነሱም ካፒቴን ይሸሻል።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንገደኞቹ ከመርከቡ ሲወርዱ «እግዜር ይስጥልን» አላሉም። ያዩትን ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ተናገሩ፤ ጠበቃ ቀጠሩ፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚያው በ2013 የመርከብ ኩባንያዎቹ ማኅበር «የመንገደኞች መብት» የሚል ሰነድ አወጣ። ጉዞው በብልሽት ቢሰረዝ ገንዘብ ይመለሳል፣ ችግር ሲፈጠር መንገደኛው ወዲያው ይነገረዋል፣ የመርከቡ ሠራተኞች ለአደጋ ጊዜ የሠለጠኑ ይሆናሉ የሚል ነው። ዓለም አቀፉም ደንብ ተለወጠ፤ ከ2015 ጀምሮ አዲስ የተሳፈሩት መንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምዱን መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ እንዲያደርጉ ሆነ። ኩባንያዎቹን ደግ ያደረጋቸው ሥልጣኔ አይደለም፤ ጩኸት ነው። ያስጮኸውም ሞት መሆኑን አትርሱ። እኛ እስኪሞትብን ለምን እንጠብቃለን?

ሕግም ቢሆን አጥተን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ጉዳት ከደረሰበትም ካሣ እንዲጠይቅ መብት ሰጠው። ነጋዴው ዋጋውን እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም አዘዘ። ደረሰኝ ሳልጠይቅ ቀብድ ስከፍል ያን ሁሉ መብት በገዛ እጄ ለባለ ጀልባው መልሼ ሰጠሁት ማለት ነው። ሕጉ ተኝቶ አይደለም፤ እኛ ነን ያስተኛነው።

«አሁን ይህን የምታነሳው በዚህ ጊዜ ነው?» የሚለኝም ይኖራል። እውነት ነው፤ ከዚያ ጉዞ በኋላ ኮሮናውም ጦርነቱም ተደራርበው የጣናን ጀልባዎች እንጀራ አቀዝቅዘዋል። በእንግዳ ይኖር የነበረ ስንት ቤተሰብ ተጎድቷል። የማነሳው ግን ለዚሁ ነው። ሰላም ሲሆን እንግዳው ይመለሳል፤ ያኔ በምን ሊቀበሉት ነው? አንድ ጊዜ አይቶ የማይደግም ጎብኚ የማንንም ቤት አያቆምም። የዘጌ ቡና፣ የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ታሪክ፣ የዓባይ መውጫ ጉማሬዎች መንገደኛውን እስከ ወደቡ ድረስ ያመጡታል። ከወደቡ ወዲያ ያለው የባለ ጀልባው ሥራ ነው። እሱን ጣናም ታሪክም አይሠሩለትም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ዋጋው ወደቡ ላይ ይለጠፍ። ሰዓቱ ይከበር፤ ካልተከበረ ምክንያቱ ይነገር። የጀልባው ልክ አሥራ ሁለት ከሆነ አሥራ ሦስተኛው ሰው ቀጣዩን ጀልባ ይጠብቅ። ጃኬቱ ከላስቲኩ ይውጣ፤ ይቆሽሽ። የቆሸሸ ጃኬት ይታጠባል። ይህንን የሚያይ ተቆጣጣሪም ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ይቁም፤ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይሆን።

ከእኛ ከመንገደኞቹ ደግሞ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው። «አልሳፈርም» ማለት። መቆጣት፣ መሳደብ፣ መጣላት አያስፈልግም። ያን ዕለት ጠዋት አንዳችን «ጃኬት ሳይሰጠን አንሳፈርም» ብንል፣ ያ ጨዋታ አዋቂ ሰው እየሳቀ ሣጥኑን ይከፍተው ነበር። ምንም አይከፋውም። ቁልፉ እኮ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሆቴላችን ገብተን ልጄን ላስተኛ ስል ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ እኛ የአገር ልጆች ስለሆንን አንሰምጥም?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ አልመለስኩላትም። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ነው ያሳደጉን። ልክ ነው፣ ዝንብ አይገባም። ውኃ ግን ይገባል።