ደብረ ታቦር የእንፋሎት ሞተር ካዘዘች ቆየች

ፈረንጆቹ የሚዝናኑበት አንድ ነገር አለ። የዛሬ 120 ዓመት ገደማ ይነዳ የነበረን የእንፋሎት መኪና በተገጣጣሚ ኪት ይገዙና፣ ቤታቸው ጓሮ ቡሎን በቡሎን አስረው ያቆሙታል። ሎኮሞቢል የሚባለው አሜሪካዊ መኪና ለምሳሌ፣ መንትዮቹ የስታንሊ ወንድማማቾች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1899 መብቱን የሸጡት ነው፤ እንግሊዝ አገር ውስጥ ኪት ተዘጋጅቶለት ሲሸጥ ኖሯል። ማርሽ የለው፣ መሪው ክብ ሳይሆን እንደ ጀልባ መቅዘፊያ በዘንግ የሚገፋ፣ የኋላ እግሩን የሚያዞርለት ካቴና፣ ቦይለሩ ደግሞ… ከወንበሩ ሥር! (አዎ፣ የፈላ ውኃ ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትነዱት።)

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው? የጡረተኛ ሀብታም ጨዋታ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ጨዋታ መጫወት ያለበት አንድ ከተማ ቢኖር ደብረ ታቦር ነው ባይ ነኝ።

ስለ ደብረ ታቦር ሲወራ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ሴባስቶፖል ነው። ከመድፉ በፊት ግን ሌላ ወሬ አለ። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጣና ላይ የእንፋሎት መርከብ የሚመስል ነገር ለማንሳፈፍ ሞክረው ነበር። በኋላ መቅደላ ላይ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ ጽፎታል። ታንኳ በሚሠራበት በዚያው በደንገል ትልልቅ ጀልባዎች ተሠሩ፤ በግራና በቀኛቸው መሽከርከሪያ ተገጠመላቸው። መሽከርከሪያውን የሚያዞረው ግን የሰው ክንድ ነበር። ሁሉም ነገር አለ፣ እንፋሎቱ ብቻ የለም!

በዚያው ዓመት ንጉሡ ሚስዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ካስያዙት የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ይገኝበታል። እንግሊዞችም ባለሙያ ልከው ነበር፤ ምጽዋ ድረስ መጡ። የታሰሩት አውሮፓውያን ስላልተፈቱ ግን ከምጽዋ ወደ ላይ አልወጡም፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንግዲህ ደብረ ታቦር የእንፋሎት ሞተር ካዘዘች ከ150 ዓመት በላይ ሆኗታል። ዕቃው እስካሁን አልደረሰም።

ሴባስቶፖልም የተሠራው ያለዚያ ሞተር ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ፣ በ1859 ዓ.ም.፣ «እኛ መድፍ መሥራት አናውቅም» ያሉ ሚስዮናውያንና ከእነሱ ጋር የዋሉ የአገር ልጆች፣ መጀመሪያ ሲሞክሩት ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው ቀለጠላቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት እስከ መቅደላ የጎተተው ደግሞ ሰው ነው፤ መንገድ እየጠረጉ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልቡ መድፉ ሳይሆን ያ የከሸፈው የመጀመሪያ ሙከራ ነው። እኛ ግን የያዝነው ቅርጹን ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያውን አቁመን በታክሲ እናልፈዋለን። የአደባባዩ መድፍ ማንንም አላስተማረም፤ ሊያስተምርም አይችልም፤ አይከፈትም፣ አይፈታም፣ አይበላሽም።

የሚፈታና የሚበላሽ ቅጂ ቢኖረንስ?

በነገራችን ላይ «ባቡር» የሚለው ቃላችን ራሱ እንፋሎት ማለት ነው። ከጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ተነስቶ በዐረብኛ በኩል ነው የደረሰን። በ1890ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ጎታች አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በየገጠሩም የእህል ወፍጮው «ባቡር» ተባለ፤ በናፍጣ እየሠራም ባቡር ነው። ስሙን ተቀብለን ነገሩን ሳናየው ቀረን ማለት ነው።

ጎበዝ እጅ ግን አልጠፋም። የናፍጣ ወፍጮ ሲሰበር መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠብቅ አለ? ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይቀረጻል፣ ይበየዳል፣ ማታ ይፈጫል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ሰይሞታል። የቶርኖ ቤቱ ልጅና የምህንድስና ተማሪዋ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት ሥራ የላቸውም። እሱ ስሌቱን አልተማረም፣ እሷ እጇን ግራሶ አላስነካችም። (ሴት ልጅና ግራሶ ሲባል የሚስቁትን ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ።) ኪት ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። ሥዕሉን ማንበብ አለ፤ ያልገጠመውን ሞርዶ ማስገጠምም አለ።

ቦይለሩ ላይ ግን ቀልድ የለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላው አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። የተዘጋ ቦይለር ውስጥ ግን ግፊቱ 10 እጥፍ ሲደርስ ውኃው 180 ዲግሪ አካባቢ ይገባል። ያ ቢፈነዳ ጀበና እንደ መገንፈል አይደለም። ስለዚህ ቦይለሩ መስኮትና በር በሚበይድ ሰው እጅ አይሠራም፤ ተመርምሮ የተመሰከረለት መሆን አለበት። ሴፍቲ ቫልቭ ይኖረዋል። እሳት ከመነካቱም በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተሞልቶ፣ ከሚሠራበት በላይ በሆነ ግፊት ይፈተናል። ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈስ ያፈሳል እንጂ አይገድልም።

ዋናው ተቃውሞ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ጠዋት ስልክ ደውለን በጠየቅንበት አገር፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ከተማ፣ አሮጌ መኪና? የውጭ ምንዛሪውስ? ቀረጡስ? መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ግን እኮ ለሐውልት ገንዘብ ሲዋጣ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ አላጋጠመኝም። ደግሞስ ሙሉውን ኪት መግዛት የግድ ነው? ቦይለሩና ሲሊንደሩ ከውጭ ይምጣ፤ ሻንሲው፣ እግሩ፣ ወንበሩ፣ የውኃ ጋኑ እዚያው ይሠራ።

እንዲህ ያለ መኪና በየ30 እና 40 ኪሎ ሜትሩ ውኃ ይጠማዋል። ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወረታ በአንድ ትንፋሽ መድረሱን እጠራጠራለሁ። አለም በር ላይ ቆሞ ይጠጣል፤ ባጃጆቹም ከበው ያዩታል። ቁልቁለቱስ ይሁን፣ ሲመለስ ያለውን ዳገት ግን ቅድም ያልኳት የምህንድስና ተማሪ አስቀድማ ታስላልን።